የአንጎል ሞገድ ቀረጻና የዓይን ክትትል ጥናት፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአንጎል ሞገድ ቀረጻና በዓይን ክትትል ጥናት ላይ እንዲሳተፉ የተጋበዙ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን እንዲያመጡ የተጠየቁ ወላጆችና እንዲህ ያለውን ጥናት ራሳቸው መሥራት የሚያምራቸው ተማሪዎች የሚያነሷቸው ናቸው። የተደረደሩት ሰውን በሚያሳስቡት መጠን ነው እንጂ በመማሪያ መጽሐፍ ሥርዓት አይደለም።

ማሽኑ የማስበውን ያነብብኛል?

አያነብም። አንዳንዱ ይህን በቀልድ፣ አንዳንዱ ከልቡ ፈርቶ ይጠይቃል፤ ሁለቱም እኩል መልስ ይገባቸዋል። ለአንጎል ሞገድ ቀረጻው ራስ ላይ የሚደረገው ቆብ የሚቀዳው ከራስ ቅል አልፎ ወደ ቆዳ የሚደርሰውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ነው። ከእሱ ውስጥ ነቅታችሁ ይሁን እያንቀላፋችሁ፣ አንድን ድምፅ ጠብቃችሁት ይሁን ድንገት መጥቶባችሁ፣ አንድ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ሄዶላችሁ ይሁን ጎርብጧችሁ ማውጣት ይቻላል። ያውም በአብዛኛው በአንድ ሙከራ ሳይሆን ተመሳሳዩ ነገር ደጋግሞ ቀርቦ የሁሉም አማካይ ተወስዶ ነው። የምትወዱትን ሰው ስም፣ ከጎረቤት ጋር የተጣላችሁበትን ምክንያት ወይም ነገ ልታደርጉ ያሰባችሁትን ከዚያ መስመር ላይ ማንም አያነብም።

የዓይን ክትትሉም እንዲሁ ነው። የት እንዳያችሁ፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንዳያችሁ ይናገራል፤ ለምን እንዳያችሁ ግን አይናገርም። ‹ለምን›ን የሚያመጣው ተመራማሪው ያዘጋጀው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የላላ ከሆነ ውድ የሆነውም ርካሽ የሆነውም መሣሪያ የሚሰጠው ቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ዞረው ዞረው ወደዚህ ነጥብ ስለሚመጡ ከወዲሁ ብናገረው ይሻላል።

ታዲያ ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ ቀረጻው) የሚለካው ምኑን ነው?

የአንጎል ሴሎች መልእክት ሲለዋወጡ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጠራል። የአንዱ ሴል ብቻውን ውጭ ድረስ አይሰማም። እጅግ ብዙ ጎን ለጎን የተሰደሩ ሴሎች አብረው ሲሠሩ ግን ድምሩ አጥንቱንና ቆዳውን አልፎ ይወጣል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ነው። አንድ ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ነው፤ የሬሞት ድንጋይ 1.5 ቮልት መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ደካማ ነገር እንደምናሳድድ ይገባችኋል።

ከሰው ላይ መጀመሪያ የቀዳው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የና ከተማ ውስጥ ቀድቶ በ1929 አሳተመው። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሞገድ ጎልቶ እንደሚወጣ፣ ሲገልጥ ደግሞ እንደሚከስም አየ። ዛሬ አልፋ የሚባለውና ከ8 እስከ 13 ሄርዝ ያለው ሞገድ ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ቆቡ ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ የሚባለው ‹‹ዓይንሽን ጨፍኚ… አሁን ግለጪ›› ነው። አልፋው ብቅ ጥልቅ ሲል ገመዱ ሁሉ ቦታው እንዳለ ይታወቃል። በተፈጥሮው አልፋው ደካማ የሆነ ሰው አለና ካልታየ መደንገጥ አያስፈልግም።

ኤሌክትሮዶቹ፣ ማለትም ቆቡ ላይ ያሉት ምልክት ተቀባይ ነጥቦች፣ በዘፈቀደ አይለጠፉም። ከአፍንጫ ሥር አንስቶ ከማጅራት በላይ እስካለው ጉብታ፣ ደግሞም ከጆሮ እስከ ጆሮ ተለክቶ ርቀቱ በ10 እና በ20 በመቶ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ይህ አሠራር የአንዱ አገር ውጤት ከሌላው ጋር እንዲነጻጸር ያደረገ ነው። ሜትር ይዘን በጭንቅላታችሁ ዙሪያ ስንዞር ልብስ ልንሰፋላችሁ አይደለም።

ለምን በኤምአርአይ አይሠራም? እሱ አይበልጥም?

ለአንዳንዱ ይበልጣል፣ ለአንዳንዱ አይበልጥም። ኤምአርአይ በሥራ ላይ ያለ አንጎልን ሲያነሳ የሚከታተለው የደም ፍሰትንና ኦክስጅንን ነው፤ ደም ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ከነገሩ በኋላ ሰከንዶች ቆይቶ ይደርሳል። ቦታን በሚሊሜትር ይነግራችኋል። ኢኢጂ ተቃራኒው ነው፦ ቦታውን በደንብ አይለይም፣ ጊዜውን ግን በሺህኛ ሰከንድ ይይዛል። ሰው አንድ ቃል አይቶ ትርጉሙን የሚይዘው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ለንባብና ለትኩረት ጥናት ጊዜው ይበልጥ ይጠቅማል። ዋጋውንም አትርሱ፤ ኢኢጂ በሻንጣ ይዞራል፣ ኤምአርአይ ሕንፃ ይፈልጋል።

ይነዝራል? ያማል?

አይነዝርም፣ አያምም። መሣሪያው ይቀበላል እንጂ ወደ ጭንቅላት ኤሌክትሪክ አይልክም። ሊረብሻችሁ የሚችለው ኤሌክትሮዱን ከቆዳ ጋር የሚያገናኘው ጄል ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ ፀጉር ላይ ይደርቃል፣ ቤት ገብቶ መታጠብ የግድ ይላል። የዓይን መሣሪያው ኢንፍራሬድ ብርሃን ፊት ላይ ይጥላል፤ አይታይም፣ ኃይሉም ለዓይን ደኅንነት ተብሎ ከተቀመጠው ወሰን በታች ነው።

የዓይን ክትትል መሣሪያው ምን ያያል?

ብሌንንና ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ላይ የሚያንጸባርቀውን ትንሽ የብርሃን ነጥብ። ዓይን ሲዞር ብሌኑ ቦታውን ይለውጣል፣ ነጥቡ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በመካከላቸው ካለው ርቀት ተነስቶ ኮምፒውተሩ እይታችሁ ስክሪኑ ላይ የት እንዳረፈ ያሰላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ 5 ወይም 9 ነጥቦችን ተራ በተራ እንድታዩ የሚደረገው። ካሊብሬሽን ይባላል። አሰልቺ ነው። እሱን ያበላሸ ግን የቀረውን ሁሉ ያበላሻል።

ዓይናችን የሚሄደው እየተንሸራተተ ይመስለናል። አይደለም፤ ይዘላል። ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ሉዊ ኤሚል ዣቫል እ.ኤ.አ. በ1879 ስለ ንባብ ሲጽፍ የአንባቢ ዓይን መስመሩን እየዘለለና እያረፈ እንደሚሄድ አስፍሯል። በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ እንዘላለን፤ በዝላዩ መካከልም የምናየው ነገር እጅግ ይቀንሳል። መስታወት ፊት ቁሙና አንድ ጊዜ ግራ ዓይናችሁን፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይናችሁን እዩ፤ ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ ፈጽሞ አታዩትም፤ አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ያየዋል።

የምንዘልበት ምክንያት ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ክፍል በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ስታዩ ከሚሸፍነው ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ዓይን የትኛውን ቦታ ለዚያች ጥርት ያለች ክፍል እንደመረጠ ማወቅ፣ አንጎል በዚያች ቅጽበት ምን እንደፈለገ ለመገመት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

አንድ ሰው አንድን ነገር ብዙ ካየ ወዶታል ማለት ነው?

አይደለም! ስለ ዓይን ክትትል ከሚነገሩት ስሕተቶች ሁሉ በጣም የተስፋፋው ይህ ነው። ሰው የወደደውን ያያል፣ የገረመውን ያያል፣ ያልገባውን ያያል፣ የሚጠላውንም አፍጥጦ ያያል።

ሩሲያዊው አልፍሬድ ያርቡስ ይህን በግሩም ሁኔታ አሳይቷል። አንድን ሥዕል፣ ኢሊያ ሬፒን የሣለውን ከስደት የተመለሰ ሰው በድንገት ቤቱ ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል፣ ለአንድ ሰው ደጋግሞ አሳየ፤ የሚለያየው ትእዛዙ ብቻ ነበር። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲለው ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት ሄደ። ቤተሰቡ ሀብታም ነው ወይስ ድኻ ሲለው ወደ ዕቃውና ወደ ልብሱ ዞረ። ሥዕሉ ያው፣ ዓይኑ ያው፣ የእይታው መንገድ ግን ሌላ ሆነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝኛ ከወጣ ወዲህ የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የፈረስ መጋላን ፎቶ አንስታችሁ ለአንዱ ‹‹ፎቶው የተነሳው ስንት ሰዓት ይመስልሃል?››፣ ለሌላው ‹‹እዚህ ምን መግዛት ይቻላል?›› በሉ። የመጀመሪያው ጥላውንና ሰማዩን፣ ሁለተኛው መደቡንና ቅርጫቱን እንደሚፈልግ መገመት አያቅትም። ‹‹የሐረር ሰው ፎቶ ሲያይ እንዲህ ያያል›› የሚል ድምዳሜ ስታነቡ መጀመሪያ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ፈልጉ።

ብሌንም ሌላ ነገር ይናገራል። ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳሳዩት ሰው ቁጥሮችን በቃሉ ሲይዝ አንድ አንድ ቁጥር በተጨመረ ቁጥር ብሌኑ ይሰፋል፤ ሲናገራቸው ደግሞ ሸክሙ እንደቀለለ ተመልሶ ይጠባል። ግን ብሌንን ከአሳብ ይልቅ ብርሃን እጅግ አብልጦ ይለውጠዋል። ከውጭ፣ ከድሬ ፀሐይ ገብታችሁ ጥቂት ደቂቃ እንድትቀመጡ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ። ኢኢጂ ‹‹አሁን አንድ ነገር ተፈጠረ›› ይላል እንጂ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ምን እያየ እንደነበር አያውቅም። የዓይን መሣሪያው ምን እያየ እንደነበር ያውቃል፤ ከዓይኑ ጀርባ ግን አንጎሉ ምን እንዳደረገ አይነግርም። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ሲመሩ፣ ዓይን አንድ ቃል ላይ ካረፈበት ቅጽበት ተነስቶ የአንጎሉን ምላሽ መቁጠር ይቻላል። ቃላት አንድ በአንድ ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉበት ያረጀ ዘዴ ቀርቶ ሰው እንደ ልማዱ ሲያነብ ማጥናት የተቻለው በዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ለሠራተኛው የዕለት ራስ ምታት ነው። ዓይን ራሱ ባትሪ ነው፦ ከፊት ኮርኒያው አዎንታዊ፣ ከኋላ ሬቲናው አሉታዊ። ዓይን በተገላበጠ፣ ሽፋሽፍት በተርገበገበ ቁጥር ከአንጎሉ ምልክት በብዙ የሚበልጥ ማዕበል ቀረጻው ላይ ይወጣል። ዓይን መቼ እንደተንቀሳቀሰ በሌላ መሣሪያ የምታውቁ ከሆነ ያንን ማዕበል ለይቶ ማውጣት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ተመራማሪዎች፣ ብዙዎች ‹የአንጎል የአስተውሎት ሞገድ› ነው ብለው የጻፉለት ፈጣን ምልክት ከጥቃቅን የዓይን ዝላዮች ሊመጣ እንደሚችል ሲያሳዩ ዘርፉ ደንግጦ ነበር።

ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ መምጣት እችላለሁ?

ትችያለሽ፤ ግን ቀድመሽ ደውለሽ ንገሪን። ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

ኤሌክትሮዱ የራስ ቆዳን መንካት አለበት። የተለመዱት ቆቦች የተሠሩት ግን ለስስና ለለስላሳ ፀጉር ነው። ከርዳዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላይ ሲደረጉ ፀጉሩ ቆቡን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ጄሉ ቆዳው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ምልክቱ በጫጫታ ይሞላል። ውጤቱም በብዙ አገር እንደታየው ነው፦ አጥኚው ‹‹ይቅርታ፣ ቀረጻሽ ጥራት የለውም›› ብሎ ይተዋታል፤ ‹የሰው አንጎል› የሚባለው መረጃም ቆቡ የተመቻቸው ሰዎች መረጃ ሆኖ ይቀራል። በእኔ እይታ ይህ የፀጉር ጉዳይ አይደለም፣ የናሙና ጉዳይ ነው፤ ዕውቀቱ ራሱ ጎደሎ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ገልብጠው አዩት። ፀጉሩን በቀጥታ መስመር ቆዳው ላይ አስጠግተው ጎነጎኑት፤ መስመሮቹ ኤሌክትሮድ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ተከትለው እንዲሄዱ አደረጉ፤ ከጉንጉኑ ሥር የሚያያዝ ክሊፕም ሠሩ። ምልክቱ በእጅጉ ጠራ። እዚህ አገር የሹሩባ ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቆዳውን በቀጭን መስመር እየከፈተ ወደ ኋላ የሚሄድ ሹሩባ ከተበተነ ፀጉር የተሻለ ነው፤ ክሊፑ ባይኖርም ጄሉን በመስመሩ መካከል ማስገባት ይቻላል። የሚያስቸግረው አናት ላይ በወፍራሙ የተጠቀለለው፣ እንዲሁም ሰው ሠራሽ ፀጉር የተሰፋበት ነው። ዊግ የግድ መውለቅ አለበት።

ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ጄል አይሠራም። ቅባት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቅቤ ብቻ ሳይሆን ቫዝሊኑም የፀጉር ዘይቱም ያው ነው። ባለፈው ቀን ማታ በሻምፑ ታጥባችሁ፣ ምንም ሳትቀቡ ኑ። እናቶች ‹‹ደረቅ ፀጉር ይዤ ከቤት አልወጣም›› ሲሉ እንሰማለን፤ ልክ ናቸው፤ ሻሽ አስራችሁ መጥታችሁ እዚህ ፍቱት።

ጉፍታ የሚያስሩ የሐረሪ እናቶች ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ፀጉሩ ለሁለት ተከፍሎ ከጆሮ ኋላ ይጠቀለላል፤ ብዙ ላቦራቶሪ ማጣቀሻ ኤሌክትሮዱን (ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ አንጻር የሚለኩበትን) የሚለጥፈው እዚያው ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ ነው። መፍትሔው ጉፍታውን ማስፈታት ሳይሆን ማጣቀሻውን ማዛወር ነው፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ ማድረግ ወይም በኋላ የሁሉንም ኤሌክትሮድ አማካይ መውሰድ ይቻላል። ይህ ግን ቀረጻው ሳይጀመር ለተሳታፊው ሁሉ በአንድ ዓይነት መወሰን አለበት። ለአንዷ ከጆሮ ኋላ፣ ለሌላዋ አፍንጫ ላይ ሆኖ እንዳለ ከተነጻጸረ ሥራው ከንቱ ነው።

ሒጃብ ለሚለብሱ፦ ቆቡን የምታደርገው ሴት መሆን አለባት፣ በሩ መዘጋት አለበት፣ ቆቡ ከተደረገ በኋላ ሻርፑን በላዩ መልሶ ማልበስ ይቻላል። ይህን ማሟላት የማይችል የጥናት ቡድን ድሬዳዋ ላይ ሴቶችን አጠናለሁ ባይል ጥሩ ነው።

ጫት ቅሜ ብመጣስ? ቡናስ?

ማንም አይቆጣችሁም፤ ግን ንገሩን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ብሌንን ያሰፋል። ብሌን የሚለካበት ጥናት ላይ ከበርጫ ተነስታችሁ ከመጣችሁ የምናየው አሳባችሁን ይሁን አወዳይን መለየት አይቻልም። ካፌይንም የአንጎል ሞገዱን ይነካል።

‹‹እንግዲያው ከልክሏቸው›› የሚል ተማሪ አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። በየቀኑ የሚቅም ሰው አንድ ቀን ሲቀርበት ሐራራ ይይዘዋል፤ ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ያንቀላፋል። ያም በቀረጻው ላይ ይታያል። በየጠዋቱ ሦስት ስኒ የለመደች ሴት ቡናዋን ስትነጠቅም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሚሻለው ቀጠሮውን ጠዋት ማድረግ፣ የለመዳችሁትን በልክ ወስዶ መምጣት፣ የወሰዳችሁትንና ሰዓቱንም በቅጽ ላይ መሙላት ነው። ከሰዓት በኋላ የተቀዳ መረጃ ከጠዋቱ ጋር እንዳለ አይቀላቀልም። በረመዳንና በዐቢይ ጾም የእንቅልፉም የምግቡም ሰዓት ስለሚዛባ ቢቻል ያን ወቅት መዝለል ይመረጣል።

ኩል ተኩያለሁ፤ መነጽርም አደርጋለሁ።

ኩሉ ይታጠብ። ካሜራው የሚፈልገው ጥቁር ክብ ነው፤ የጠቆረ ሽፋሽፍት ብሌን መስሎት ይሳሳታል። መነጽር ብዙውን ጊዜ አያስቸግርም፤ መስታወቱ ግን መጠረግ አለበት። ባለ ሁለት እይታ መነጽር ያስቸግራል።

የድሬ ሙቀት ቀረጻውን ይነካል?

በደንብ ነው እንጂ። ላብ ራሱ ጨዋማ ውሃ ነው፤ ሰው ሲያልበው መስመሩ ቀስ እያለ ሽቅብ ቁልቁል ይዋልላል፣ በሁለት ኤሌክትሮድ መካከል ያለው ጄልም ተገናኝቶ አንድ ይሆናል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቀትር በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ መቅዳት ድካም ብቻ ነው። ሐረር ከፍታው ስለሚረዳ ይቀላል።

ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ ቬንቲሌተሩ፣ ቻርጀሩ፣ አምፖሉ ሁሉ ያንን ያስገባሉ። በማጣሪያ ይወጣል፤ ከምንጩ ማራቅ ግን ይሻላል። ላፕቶፑም ማጉያውም (ደካማውን ምልክት የሚያጎላው መሣሪያ) በባትሪ ሲሠሩ መብራት ከጠፋ ቀረጻው ይጠራል፤ ስለ መብራት መጥፋት ጥሩ ነገር የሚናገር ሰው ቢኖር ኢኢጂ የሚቀዳ ነው። ስክሪኑ ግን በመካከል እንዳይጠፋ ተጠባባቂ ባትሪ ያስፈልጋል።

በመነጽር መልክ የሚደረገውን የዓይን መሣሪያ ይዞ ከዚራ ወይም ታይዋን ገበያ ለመዞር ለሚያስብ፦ ፀሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ ትረጫለች፤ የመሣሪያውን ትንሽ ብርሃን ትውጠዋለች። ጠዋት በማለዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ሞክሩ።

በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ለሚያነብ ሰው የውጭው ጥናት ይሠራል?

አካሄዱ ይሠራል፣ ቁጥሩ ግን እንዳለ አይወሰድም። የእንግሊዝኛ አንባቢ ዓይን አንድ ቦታ ላይ በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ያርፋል፣ ከ7 እስከ 9 ፊደል ይዘላል፣ አልፎ አልፎም ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። አማርኛ ላይ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል፤ በላቲን ሲጻፍ 8 ፊደል የሚፈጀው ‹ይመጣሉ› በእኛ 4 ነው። ስለዚህ ‹‹ዝላዩ ስንት ፊደል ነው›› ብሎ ማነጻጸር ያሳስታል። ኦሮምኛና ሶማልኛ በላቲን ይጻፋሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት ጽሕፈት የሚያነብ ልጅ ድሬዳዋ ላይ ብርቅ አይደለም።

በተለይ የሚያጓጓው አቅጣጫው ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ዓይኑ ካረፈበት በስተቀኝ እስከ 14 ወይም 15 ፊደል ድረስ ያለውን በከፊል ይጠቀምበታል፣ በስተግራ ግን ሦስት አራት ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሰዎች ሲጠኑ፣ ዕብራይስጥ ሲያነቡ ይህ ስፋት ወደ ግራ ተገለበጠ፤ ያው ሰው፣ ያው ዓይን። እንግዲህ ጠዋት ትምህርት ቤት አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከሰዓት ቁርአን ቤት ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነበውን ልጅ አስቡት። ጀጎል ውስጥ ለዘመናት በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ጥንታዊ ጽሑፎችን የሚያነቡ ሽማግሌም አሉ። ለንባብ ጥናት ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም።

ዐረፍተ ነገሮቹ ራሳቸው ግን እዚሁ ተጽፈው እዚሁ መፈተን አለባቸው። ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳገኙት፣ ከዐረፍተ ነገሩ ጋር የማይሄድ ቃል ሲመጣ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ አንድ አሉታዊ ሞገድ ጎልቶ ይወጣል። አሁን ‹‹ቡናዋን በጨው ጠጣች›› የሚለውን ለሙከራ ብታቀርቡ ሌላ ቦታ ያደገ ሰው አንጎል ይጎረብጠው ይሆናል። ሐረር ላይ ያደገ ሰው ግን ‹‹ታዲያ በምን ልትጠጣ ነበር?›› ይላችኋል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣም እንግዳው ቃል የት እንደሚገባ አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል፤ ‹‹ቡናዋን አፍልታ አነበበችው›› ሲባል የሚጎረብጠው መጨረሻው ላይ ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንጎል ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ሲጠቀልል የሚያሳየው ሌላ ምላሽ ይደባለቅበታል።

ልጄ ዓይን ለዓይን አያይም። በዚህ መሣሪያ ኦቲዝም ይታወቃል?

የጥናት ቀረጻ ምርመራ አይደለም፤ ልጅዎን የሚያዩት የሕፃናትና የአእምሮ ጤና ሐኪሞች ናቸው። ነገሩ ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በኋላ ኦቲዝም የተገኘባቸው ሕፃናት ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የሰውን ዓይን ማየታቸው እየቀነሰ እንደሄደ አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥም በ2022 ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ሐኪምን የሚያግዝ የዓይን ክትትል መሣሪያ ተፈቅዷል፤ የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

እዚህ አንድ ነገር ይጨመር። ታላቅ ሲያናግረው ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ በእኛ ዘንድ ጨዋ ነው። ሌላ አገር የወጣን የ‹ዓይን ለዓይን› መለኪያ አምጥቶ ከፍ ባሉ ልጆች ላይ መጫን አስተዳደግን በሽታ ማድረግ ይሆናል።

ውሸት ያጋልጣል? ፖሊስ ሊጠቀምበት ይችላል?

ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያይ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ላይ የሚመጣ ሞገድ አለ፤ ‹‹ወንጀለኛውን እንለይበት›› የሚለው አሳብ ከዚያ የመጣ ነው። ግን አንጎል የሚያውቀው ስላደረገ ብቻ አይደለም፤ በወሬ ስለሰማም፣ በቲቪ ስላየም ያውቃል። ሕንድ ፑኔ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ቀረጻን እንደ ማስረጃ ተቀብሎ ነበር፤ በ2010 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማንንም ያለ ፈቃዱ እንዲህ መመርመር ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ወሰነ። የላቦራቶሪ ውጤት ሲሆን ቆንጆ ነው፤ እስር ቤት የሚያስገባ ማስረጃ ሲሆን ግን አልቀበለውም።

ማስታወቂያ ድርጅቶች ‹‹የደንበኛን አንጎል እናነባለን›› የሚሉትስ?

ማሸጊያው ላይ ዓይን መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል። ከዚያ ያለፈውን በጥርጣሬ እዩት። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጊዜ የሞተ ሳልሞን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ በሺዎች የሚቆጠሩት የምስሉ ነጥቦች፣ በአጋጣሚ የሚመጣውን የሚያጣራው ስታቲስቲክስ እርምት ሳይደረግ ሲመረመሩ የዓሣው አንጎል ‹‹ምላሽ ሰጠ››። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢግ ኖቤል የተባለውን የቀልድ ሽልማት ወሰዱበት።

ስንት ሰዓት ይወስዳል? ይከፈላል?

ሁለት ሰዓት ያህል፤ ቆቡን ማዘጋጀቱ ብቻ እስከ 45 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የባጃጅና የጊዜ ማካካሻ ይሰጣል። ክፍያው ሰውን ያለ ፍላጎቱ የሚስብ ያህል ከበዛ ሥነ ምግባር ኮሚቴው ይጠይቃል።

ቀረጻዬ ለማን ይሰጣል?

ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቅ አለበት፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ‹‹አሳዩኝ›› ማለት መብታችሁ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናንና የባዮሜትሪክን መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል። ስማችሁ በኮድ ይተካል፤ የዓይን ቪዲዮውም ማንነትን ሊያሳውቅ ስለሚችል ለብቻው ይቀመጣል። የስምምነት ቅጹ በምትረዱት ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ ‹‹ፈርሙ ብቻ›› ካሏችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። ለልጅ የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፣ ልጁም እሺ ማለት አለበት። በመካከል ‹‹በቃኝ›› ብሎ መውጣት ምክንያት አይጠየቅበትም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የስክሪን ብልጭታ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድሞ ይንገረን። በሌላ በኩል ደግሞ ‹‹አንጎልህ ደኅና ነው ተብያለሁ›› ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ፤ ያንን የሚለው የሆስፒታል ባለሙያ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ መሣሪያ የለንም። ከየት ልጀምር?

መሣሪያ እስኪገዛ አትጠብቁ። ለምርምር የሚሆን ኢኢጂ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊሄድ ይችላል፤ በመቶዎች ዶላር የሚሸጡት ትናንሾቹ ለልምምድ ይሆናሉ እንጂ ጥቂት ኤሌክትሮድ ብቻ ስላላቸው ብዙ አይጠበቅባቸውም። በሌላ በኩል ሶፍትዌሩ በነጻ ነው፦ ሙከራ ለማዘጋጀት ሳይኮፓይ፣ ቀረጻ ለመተንተን ኤምኤንኢ ፓይተን። ዌብጌዘር የሚባለው በላፕቶፕ ካሜራ የዓይንን አቅጣጫ ይገምታል፤ የትኛውን ቃል እንዳያችሁ አይለይም፣ የስክሪኑን ግራና ቀኝ ግን ይለያል፤ ለመጀመሪያ የክፍል ፕሮጀክት ይበቃል።

ሌሎች የቀዱትንም መጠቀም ይቻላል። ኦፕንኒውሮ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ብዙ ቀረጻዎች በነጻ ተቀምጠዋል። ዙኮ የሚባለው ደግሞ ዙሪክ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፤ 12 የእንግሊዝኛ አንባቢዎች ዐረፍተ ነገር ሲያነቡ ኢኢጂያቸውና የዓይናቸው እንቅስቃሴ አብሮ ተቀድቷል። በእሱ ከተለማመዳችሁ በኋላ በራሳችሁ ቋንቋ ዐረፍተ ነገሮችን ጻፉ፣ ለሰው አንብቡ፣ የትኛው እንደሚጎረብጥ በወረቀት ላይ ምልክት አስደርጉ። ይህ ሥራ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ መሣሪያ ያለው ቡድን የጎደለውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ፋይሎቹ ትላልቅ ስለሆኑ በግቢው ዋይፋይ ሌሊት ላይ አውርዷቸው።